የአካለ ወልድ ጉልበትና ባለ ታኮው ጫማ

በብቸና አውራጃ ጽሕፈት ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የነበረው አካለ ወልድ በሕይወቱ ሁለት ነገሮችን እጅግ በጥብቅ ይጠብቅ ነበር። አንደኛው የመዝገቦቹ ተራ ቁጥር ነው፤ ሁለተኛው የቁመቱ ምሥጢር ነው። የመዝገቦቹ ተራ ቁጥር በእርግጥም ሳይዛነፍ ኖሯል። የቁመቱን ምሥጢር ግን መላው ብቸና ያውቀው ነበር፤ ቁመት ታጥፎ ደረት ኪስ ውስጥ የሚደበቅ ነገር አይደለምና። አካለ ወልድም ቢሆን ብቸናን ለማታለል አስቦ አያውቅም። እንዳታውቅበት የሚፈልገው አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። እርሷም የምትኖረው ሞጣ ሲሆን፣ በ፲፱፻፸፪ ዓ.ም. ከዳግም ትንሣኤ ቀጥሎ ባለው እሑድ ልታገባው ቃል ገብታ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ግን ከኳስ ነው።

አካለ ወልድ የተወለደው ከዓባይ በረሃ አፋፍ በላይ በተቀመጠችው በየጁቤ ነው። ለትምህርት ብቸና መጣ፤ ዐሥራ ሁለተኛን ጨርሶ እዚያው ተቀጠረ። ቁመቱ አንድ ሜትር ከሃምሳ ስምንት ሳንቲም ነበር። ይህ ቁመት በመዝገብ ቤት ብዙ አላገለገለውም። ከሦስተኛው መደርደሪያ በላይ ያለ መዝገብ ሲፈለግ ወንበር ላይ ይወጣል፤ ወንበሩ ካልበቃ ወንበሩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ይወጣል። ባለ ጉዳይ ገብቶ ክፍሉን ባዶ ሲያገኘውና ሊመለስ ሲል፣ ከጣሪያው ሥር "ስምዎ ማን ነው?" የሚል ድምፅ ይሰማል። አንድ ጊዜ እንዲያውም አንድ ቄስ ይህን ድምፅ ሰምተው፣ አማትበው፣ በታላቅ ፍርሃት ክርስትና ስማቸውን ተናግረዋል።

በኳስ ሜዳ ላይ ግን ያው ቁመት በረከት ሆነለት። የአውራጃው ቡድን የቀኝ ክንፍ ተጫዋች ነበር። በሁለት ተከላካዮች መካከል ለሰው የማትበቃ ክፍተት ስትገኝ ሰተት ብሎ ስለሚያልፍ ተመልካቹ "ሽብልቅ" ብሎ ሰይሞት ነበር። "ሽብልቅ! ሽብልቅ!" ሲባል ጆሮው እስከ ጫፉ ይቀላል፤ እግሩም ከራሱ ቀድሞ ይሮጣል።

በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ የብቸናና የሞጣ አውራጃዎች ቡድኖች ሞጣ ላይ ተገናኙ። ማለዳ ያልተጠበቀ ዝናብ ጥሎ ሜዳው ጥቁር ጭቃ ሆኗል። የብቸና ቡድን ዐሥራ አንድ ታኬታ ጫማ ነበረው፤ ዐሥራ አንዱም ቁጥሩ አርባ ሁለት ነው። የአካለ ወልድ እግር ሠላሳ ስምንት ስለሆነ የጫማውን ጫፍ በጨርቅ ጎስጉሶ ነበር የሚጫወተው። በሁለተኛው አጋማሽ መካከል ላይ፣ አንድ ለአንድ እንደ ሆኑ፣ ኳስ ደረሰችው። ሁለቱን ተከላካዮች እንደ ልማዱ ሰንጥቆ አለፈና በግራ እግሩ መታ። ከዚያም ደስታውን ለወገኖቹ ለማሳየት ዞረ። የቀኝ ታኬታው ጥርሶች ግን ጭቃው ውስጥ ተተክለው ነበርና አልዞሩም። አካሉ ወደ ብቸና ዞረ፤ እግሩ ወደ ባሕር ዳር እንደ ተመለከተ ቀረ። በሁለቱ መካከል የተገኘው ጉልበት፣ ወዴት እንደሚሄድ ግራ ገብቶት፣ "ቋ!" አለ።

አካለ ወልድ ጮኸ። ዐሥሩ ጓደኞቹ ጩኸቱን የደስታ መስሏቸው፣ ኳሷም መረቡ ውስጥ ነበረችና፣ እየዘለሉ መጥተው በላዩ ላይ ተከመሩበት።

ከዚያ ክምር ሥር ጎትታ ያወጣችው ይርጋነሽ ናት። ይርጋነሽ ሞጣ ውስጥ አስተማሪ ነበረች፤ ከወንዶቹ ጨዋታ አስቀድሞም ለሴቶች መረብ ኳስ ቡድን ተጫውታ ሜዳው ዳር ቆማ ነበር። ተጫዋቾቹን አንድ በአንድ እያነሣች ወደ ጎን አስቀመጠቻቸው። ከዚያም ቁጢጥ ብላ ጉልበቱን በሻርፗ ማሰር ጀመረች።

"የቱ ጋ ነው የሚያምህ?"

"እዚህ ጋ... እዚያም ጋ... በሙሉ።"

"አይዞህ፣ ጎሉ ገብቷል።"

"ገባ?"

"ገባ እንጂ! እኔ የሞጣ ሰው ሆኜ እዋሽልሃለሁ?"

"እንግዲያው አያመኝም" አለ፤ ዓይኑም እንባ ሞልቶ ነበር።

ቃሬዛ ሲመጣ ይርጋነሽ ተነሣች። አካለ ወልድ ከመሬት ሆኖ ሲመለከታት ተነሣች፣ ተነሣች፣ ገናም ተነሥታ አላለቀችም። አንድ ሜትር ከሰባ አራት ነበረች። እርሱ ግን በቃሬዛ እየተወሰደ ሳለ ያሰበው ሌላ ነገር ነው። ተኝቶ ተዋወቃት፤ ተኝቶም ተሰናበታት፤ የተኛ ሰው ደግሞ አጭር ይሁን ረጅም ማን ይለየዋል? ስለዚህ ገና አላወቀችም ብሎ ደመደመ። ከዚያ በፊት ሜዳ ላይ ሰባ ደቂቃ ሙሉ ሲሮጥ ልታየው እንደምትችል፣ እነሆ፣ ሐሳቡ ውስጥ አልገባም።

ብቸና ሲመለስ ጉልበቱን የያዙለት ወጌሻዋ እትዬ ወለተ ሐና ናቸው። በቅቤ አሹት፤ በቀርከሃ አሰሩት፤ ካሰሩትም በኋላ ትእዛዝ ሰጡ።

"ስማኝ ልጄ፣ የታመመ ጉልበት እንደ አዲስ ሙሽራ ነው። ካልተጣደፍክበት ይለምድሃል፤ ካስደነገጥከው ግን ኩርፊያው አይለቅህም። ዳግመኛ ካበጠ ዕድሜህን ሁሉ በከዘራ ነው የምትሄደው። ገባህ?"

"ገብቶኛል እትዬ።"

"አልገባህም፤ ፊትህ ሞጣ ነው።"

እውነትም ፊቱ ሞጣ ነበር። ሆኖም ታዘዘ። ጥር ሲገባ ቀርከሃው ተፈታ፤ አካለ ወልድ ያለ ከዘራ በብቸና ገበያ መካከል ሲያልፍ እትዬ ወለተ ሐና የእጃቸውን ሥራ ለሰው ሁሉ በጣታቸው ያሳዩ ነበር።

በዚያው ወር ሻርፑን እመልሳለሁ ብሎ አውቶቡስ ተሳፈረ። ሞጣ እንደ ወረደ ግን ወደ ይርጋነሽ ቤት አልሄደም፤ በቀጥታ ወደ ጋሽ ሳሊህ ሱቅ ሄደ። ጋሽ ሳሊህ በወጣትነታቸው ጫማ ሰፊ የነበሩ፣ በኋላ ጫማ ነጋዴ የሆኑ፣ የሰውን እግር ሳይለኩ ቁጥሩን የሚናገሩ የሞጣ ሰው ናቸው። መደርደሪያው ላይ ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ባለ ታኮ ጫማ ነበር። ተረከዙ አምስት ጣት፣ የፊቱ ሶል ሁለት ጣት፣ ቀለሙም የበሰለ ቲማቲም ይመስላል። ዓመት ሙሉ አልተሸጠም።

"ይህ ለዘፋኝ የተሠራ ነው" አሉ ጋሽ ሳሊህ። "ዘፋኝ ነህ?"

"የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ።"

"ታዲያ ምን ያደርግልሃል?"

"መደርደሪያው ከፍ ይልብኛል" አለ አካለ ወልድ። ይህም ውሸት አልነበረም።

በዚያ ጫማ ላይ የቆመው አካለ ወልድ ሌላ ሰው ነበር። እዚያው ሞጣ በጫማው ልክ ያሰፋው ሰፊ ቤልቦተም ሱሪ ጫማውን እስከ መሬት ስለሸፈነው፣ የተጨመረው ቁመት ሁሉ ከእናቱ ማኅፀን ይዞት የወጣ ይመስላል። ይርጋነሽ በር ስትከፍትለት ዓይኖቻቸው እኩል ሊሆኑ ጥቂት ቀራቸው። አካለ ወልድ በልቡ ጫማውን መረቀ። በየካቲት መጀመሪያ ሽማግሌዎች ከብቸና ተልከው የይርጋነሽን አባት አቶ ኃይለ ጊዮርጊስን ለመኑ፤ እሺታም ተገኘ፤ ቀኑም ተቆረጠ።

ከዚያ በኋላ ጉልበቱ መታመም ጀመረ።

መጀመሪያ ደረጃ ሲወርድ ብቻ ነበር። ቀጥሎ ከወንበር ሲነሣ ሆነ። ከዚያም ከቤቱ እስከ ጽሕፈት ቤቱ ሁለት ጊዜ ያርፍ ጀመር፤ ጉልበቱም ማታ ማታ እንደ ዳቦ ያብጣል። ጫማውን ግን አላወለቀም። አንድ የሞጣ ሰው ብቸና መጥቶ ቢያየውና ቢያወራስ? እግሩን እየጎተተ ወደ እትዬ ወለተ ሐና ቤት ሄደ፤ እንደ ደንቡም ጫማውን ደጃፍ ላይ ትቶ፣ ጠፍር አልጋው ላይ ተቀመጠ። አገላብጠው ዳሰሱት።

"ተነሥተህ ሂድ እስቲ። ያምሃል?"

"አሁንስ አያመኝም።"

"ተመለስ። አሁንስ?"

"አሁንም አያመኝም።"

"ታዲያ ምን ሆንኩ ብለህ ነው የመጣኸው?"

"እስከ ደጃፍዎ ድረስ ሞቼ ነበር እኮ እትዬ!"

እትዬ ወለተ ሐና ራሳቸውን ነቀነቁ። "እኔ አጥንት አውቃለሁ፤ ይህ ግን የአጥንት ነገር አይደለም። አንድ የማይወድህ አለ። ማርያም ሂድና ጸበል ተጠመቅ።"

ማርያም ሄደ። የቅጥሩ በር ላይ ጫማውን አውልቆ፣ በእጁ ይዞ ገባ። ተጠመቀ፤ ቆሞም አስቀደሰ፤ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሲቆም ጉልበቱ ትንፍሽ አላለም። አካለ ወልድ በእንባ ተሳለ። በር ላይ ተመልሶ፣ ጫማውን አጥልቆ፣ ዐሥር እርምጃ ሲራመድ ግን ጉልበቱ እንደ ቀድሞው ጠዘጠዘው። በማግሥቱም እንዲሁ፤ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ ሆነ። ሰውየው መዝገብ ቤት የሚሠራ ነውና ነገሩን በሥርዓት መረመረ። ገብቶ ሳለ የለም፤ ሲወጣ አለ። እንግዲህ ጠላቱ የቅጥሩ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል፤ መግባት አይችልም፤ ሲወጣ ግን ጉልበቱ ላይ ይፈናጠጣል። በዚህ ምርመራ ውስጥ አንድም ስሕተት አልታየውም። ጠላቱን ለማሳት አንድ ቀን በምዕራብ በር ገብቶ በምሥራቅ በር ወጣ። ጠላቱ በምሥራቁም በር ነበር። ሌላ ቀን ድንገት ሮጦ ሊያመልጠው ሞከረ፤ ከዚህ በኋላ ሁለት ቀን ተኛ።

ዐቢይ ጾም ሲጋመስ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ከሥራ እየወጣ ቤተ ክርስቲያን መዋል አመጣ። ይህ ደግሞ በዚያ ዘመን ሳይታይ የሚያልፍ ነገር አልነበረም። በጽሕፈት ቤቱ የውይይት ክበብ ላይ ስሙ ተጠራ።

"ጓድ አካለ ወልድ" አለ ስብሰባውን የሚመራው ካድሬ፣ "ቀን ቀን የት እንደምትውል ለክበቡ ግለጽ።"

"ጉልበቴን ላሳርፍ ነው የምሄደው፣ ጓድ።"

"ጽሕፈት ቤቱ ወንበር የለውም?"

"አለው። ከወንበር ስነሣ ያመኛል። እዚያ ቆሜ ስውል ግን አያመኝም።"

"ስንት ሰዓት ትቆማለህ?"

"ሦስት ሰዓት።"

ካድሬው ማስታወሻውን ገለጠ። "ባለፈው ሰልፍ ላይ ሩብ ሰዓት መቆም አቅቶህ ድንጋይ ላይ ተቀምጠሃል። እውነት ነው ሐሰት?"

"እውነት ነው፣ ጓድ።"

"ስለዚህ ይህ ጉልበት የሚቆምበትን ቦታ ይመርጣል ማለት ነው!"

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሊሸፍን ሞከረ፤ ሳሉ ግን ከሳቁ ይበልጥ አስቂኝ ሆነና ቤቱ በሙሉ ፈነዳ። ካድሬው ራሱም ከንፈሩ እየተንቀጠቀጠ ስብሰባውን ዘጋ። በቃለ ጉባኤው ላይ "የጓድ አካለ ወልድ ጉልበት ጉዳይ ተጣርቶ ይቅረብ" የሚል ውሳኔ ሰፈረ። ቃለ ጉባኤውን በመዝገብ የማኖር ሥራ ደግሞ የአካለ ወልድ ነው። ስለ ራሱ ጉልበት አዲስ መዝገብ ከፈተ፤ ተራ ቁጥር ሰጠው፤ "ልዩ ልዩ" ከሚለው መደርደሪያም አኖረው። መደርደሪያው አራተኛው ስለ ነበር ወንበር አላስፈለገውም፤ በጫማው ደረሰበት።

ፋሲካ ዐለፈ። ሠርጉ ዐሥር ቀን ሲቀረው ከአቶ ኃይለ ጊዮርጊስ መልእክት መጣ። "ልጁ እግሩን ታሟል ሲሉ ሰማን። በሠርጉ ቀን በርከክ ብሎ የሽማግሌ ጉልበት የሚስም፣ ስሞም ሳይደገፍ የሚነሣ ሙሽራ እንፈልጋለን። ካልሆነ ለከርሞ እናድርገው" ይላል። ለከርሞ! አስተማሪ በየዓመቱ ወዴት እንደሚዛወር ማን ያውቃል? አካለ ወልድ ፈቃድ ጠየቀ፤ ሱሪውን አስተኮሰ፤ ጫማውን ወለወለ፤ ጤንነቱን በአካል ሊያሳይ በማግሥቱ ሞጣ ወረደ።

ከመናኸሪያው ሃምሳ እርምጃ እንደ ራቀ ጉልበቱ እምቢ አለ። ግድግዳ ግድግዳ ይዞ ጋሽ ሳሊህ ሱቅ ደረሰ። የጋሽ ሳሊህ ባለቤት እትዬ ራዲያ ፊቱን አይተው ደነገጡ።

"ምነው ልጄ! ግባ እንጂ፣ ከውስጥ ግባ፤ ዕረፍ።"

ከሱቁ ጀርባ ያለው ክፍል ምንጣፍ የተነጠፈበት ነው። አካለ ወልድ ጫማውን ደጃፍ ላይ አውልቆ ገባ፤ ተቀመጠ። እትዬ ራዲያ ሻይ ሲያቀርቡለት በትሕትና ብድግ ብሎ ተቀበለ። ከዚያም ብርጭቆውን እንደ ያዘ ቀጥ ብሎ ቀረ። አንድ እርምጃ ሄደ። ሌላ ጨመረ። ጉልበቱ ዝም ብሏል። ፊቱ ነጣ።

"እዚህም?" አለ።

"ምን እዚህም?" አሉ ጋሽ ሳሊህ።

"እዚህም አይገባም ማለት ነው?"

"ማነው የማይገባው? ማን መጣ?"

አካለ ወልድ ሁሉንም ዘረዘረ። ስለ ጠላቱ ነገራቸው፤ ስለ ምዕራብና ስለ ምሥራቅ በር ነገራቸው፤ የጉልበቱ መዝገብ ስንተኛ መደርደሪያ ላይ እንዳለ ሳይቀር ነገራቸው። ጋሽ ሳሊህ በመጀመሪያ በጥሞና ያዳምጡ ነበር። ጥቂት ቆይተው ጢማቸውን ያዙ። ከዚያም ዓይናቸው ወደ ደጃፉ ሄደና እዚያው ቀረ።

"አካለ ወልድ፣ እኔ ቤት ስትገባ ደጃፍ ላይ ምን ትተህ ገባህ?"

"ጫማዬን።"

"ወጌሻዋ ቤትስ?"

"ጫማዬን።"

"ቤተ ክርስቲያንስ ስትገባ ምን ታወልቃለህ?"

"ጫማ..." አለ አካለ ወልድ፤ አፉም ሳይከደን ቀረ።

"ወላሂ!" ብለው ጋሽ ሳሊህ ምንጣፉን በመዳፋቸው መቱ። "ጠላትህን ዓመት ሙሉ መደርደሪያዬ ላይ ያኖርኩት እኔ ነኝ! የሸጥኩልህም እኔ!"

ሆኖም ነገር ያለ ማስረጃ አይወዱም ነበርና አስሄዱት። ጫማውን አድርጎ ከሱቁ እስከ መንገዱ ሄደ፤ አመመው። አውልቆ ሄደ፤ አላመመውም። እትዬ ራዲያ በጣታቸው እየቆጠሩ ሦስት ጊዜ አስደገሙት። በሦስተኛው ላይ አካለ ወልድ በባዶ እግሩ መንገዱ ላይ እየዘለለ፣ ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ እያየው፣ "አያመኝም! አያመኝም!" ይል ነበር።

ጋሽ ሳሊህ ጫማውን ገልብጠው ሶሉን እንደ መጽሐፍ አነበቡት።

"አንተ የየጁቤ ልጅ ነህ። ዓባይ በረሃ ስትወርድ ምንህን ያምሃል?"

"ጉልበቴን።"

"ስትወጣስ?"

"ትንፋሼን።"

"አየህ? ታኮ ማለት ቁልቁለት ማለት ነው። ተረከዝህ ከፍ ሲል ሸክምህ ሁሉ ወደ ፊት፣ ወደ ጉልበትህ ይመጣል። አንተ ከጠዋት እስከ ማታ ለጥ ባለው የብቸና ሜዳ ላይ ዓባይን ስትወርድ ነው የምትውለው፤ ደግሞም መውጫ የለውም። ይህን ተመልከት፤ በውጭ በኩል ተበልቷል። በተራመድክ ቁጥር ጉልበትህን ወደ ጎን ይገፋዋል። ደኅና ጉልበትም አይችለው፤ እንኳን ተጠምዝዞ የዳነ!"

ከዚያም ከሳጥን ሥር የድሮ መስፊያቸውን አወጡ፤ ወስፌያቸውን በጭናቸው ላይ ፈተኑት። ለስላሳ ቆዳ ቆረጡ፤ ከሥሩ ስስ ጎማ አደረጉ፤ ተረከዙን ከአንድ ጣት አላሳለፉትም፤ ጣቶቹ እንዲዘረጉ ፊቱን ሰፋ አደረጉት። ከተሲያት በኋላ ጫማው አለቀ። አካለ ወልድ አጠለቀውና ቆመ፤ ሄደ፤ ተመለሰ። ከዚያ ግን ፊቱ ጠቆረ።

"ጋሽ ሳሊህ፣ ቁመቴስ?"

"ቁመትህ ምን ሆነ?"

"ይርጋነሽ... አታውቅም።"

ጋሽ ሳሊህና እትዬ ራዲያ ተያዩ። እትዬ ራዲያ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ ወደ ጓዳ ሮጡ።

"ሁለት ነገር አለ" አሉ ጋሽ ሳሊህ በጭንቅ ፊታቸውን እያጠነከሩ። "ወይ አጭር ሆነህ ታገባለህ፤ ወይ ረጅም ሆነህ በከዘራ ትቀራለህ። ምረጥ።"

አካለ ወልድ ወጣ። የሞጣ ቆርቆሮ ቤቶች ሁሉ በአንድ ቀን አምስት ጣት ያደጉ መሰለው። ይባስ ብሎ ሱሪው የተሰፋው በባለ ታኮው ጫማ ልክ ስለሆነ አሁን መሬት ለመሬት እየተጎተተ መንገዱን ይጠርጋል። ሁለት ጊዜ ረገጠውና ሊወድቅ ነበር። በመጨረሻ የሱሪውን ሁለት እግሮች በሁለት እጆቹ ወደ ላይ ሰብስቦ፣ ወንዝ እንደሚሻገር ሰው፣ በሞጣ ዋና መንገድ መካከል ሄደ። ጉልበቱ አላመመውም። ሊያለቅስ እየፈለገ ሳለ ሳቅ ይመጣበታል፤ የሚያየውም ሰው ሁሉ ይስቃል፤ እርሱም ይብስበታል።

አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። አካለ ወልድ ሱሪውን ለቀቀና በርከክ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ፤ ሳይደገፍም ተነሣ። መነሣቱ ራሱን አስገረመው። ዳግመኛ በርከክ ብሎ ሳመ፤ ተነሣ።

"በቃ ልጄ፣ ይበቃል፤ አየሁ" አሉ አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ።

"አንድ ጊዜ ይጨመርልኝ አባባ!"

በሦስተኛው ላይ ሳለ ይርጋነሽ ከቤት ወጣች። አካለ ወልድ ተነሥቶ በፊቷ ቆመ። ዓይኑ ከአገጭዋ በታች ነበር።

"ይርጋነሽ፣ አንድ የምነግርሽ ነገር አለ። እኔ ይህን ያህል ነኝ።"

"ምን ያህል?"

"ይህን። የምታዪውን። ሌላው ጫማ ነበር። ጉልበቴን እየገደለው ስለሆነ ተውኩት። እንግዲህ ከፈለግሽ..."

ይርጋነሽ ሁለት እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋ ቀስ ብላ ተቃናች። ትከሻዋ ወደ ኋላ ሄደ፤ አንገቷ ወጣ፤ ከዚያም ወገቧ "ቋ!" አለ። አካለ ወልድ ጥር ላይ በር ከከፈተችለት ጀምሮ አይቷት ከሚያውቀው ሦስት ጣት በለጠች።

"ተመስገን!" አለች በረጅሙ ተንፍሳ። "ሦስት ወር ሙሉ ጎብጬልህ ወገቤን ጨረስከው እኮ!"

"ታውቂ ነበር?"

"ሰው አይደለሁ? ያን ዕለት ስትሮጥ ሰባ ደቂቃ አይቼሃለሁ። የወደቅክ ጊዜ ነው የተፈጠርከው መሰለህ? ደግሞ ጥር ላይ ጊዮርጊስ ልታስቀድስ ስትገባ ጫማህን አላወለቅክም? ከሴቶቹ በኩል ሆኜ አይቼሃለሁ። ሱሪህ ቅጥር ግቢውን ጠርጎት ወጣ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ያን ጫማ አድርገህ ስትራመድ አውራጃው በሙሉ ያንተ ይመስል ነበር። አሳዘንከኝ።" ከዚያም ጎንበስ ብላ አዲሱን ጫማ አየች። "ይህንን ማን ሠራልህ? ለእኔም ይሥራልኝ፤ ለወገብ ይሆን እንደ ሆነ።"

አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ከመቀመጫቸው ሁለቱንም ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ ተመለከቱና "ይኸው ነው እንዴ የታመመው?" ብለው ወደ ቤት ገቡ።

ሠርጉ በተቆረጠለት እሑድ ሆነ። ሙሽራው የሁለት ቤት ሽማግሌዎችን ጉልበት ስሞ ሳይደገፍ ተነሣ፤ እትዬ ወለተ ሐናም ከብቸና ድረስ መጥተው በተነሣ ቁጥር እልል አሉ። ጋሽ ሳሊህ ከዚያ ወዲህ ባለ ታኮ ጫማ ለሚጠይቅ ሰው ሁሉ ዋጋውን ከመንገራቸው በፊት "ጉልበትህ እንዴት ነው?" ይሉ ነበር። አካለ ወልድም ሥራ በገባ ማግሥት ወንበር ላይ ወጣ፤ ከአራተኛው መደርደሪያ መዝገቡን አወረደ፤ "ጉዳዩ በጫማ ስለተፈታ መዝገቡ ይዘጋ" ብሎ ጻፈበትና ለካድሬው አስፈረመው።

የሠርጉ ዕለት የተነሡት ፎቶግራፍ ብቸና ቤታቸው ግድግዳ ላይ ብዙ ዘመን ተሰቅሎ ኖሯል። ፎቶ አንሺው ሙሽሮቹን አይቶ፣ አጭር ሙሽራ ሲመጣ ከሥር የሚያኖራትን የእንጨት ሳጥን እንደ ልማዱ አምጥቶ ከአካለ ወልድ እግር አጠገብ አስቀምጧት ነበር። በፎቶግራፉ ላይ ሙሽራው ለጥ ባለ ጫማ፣ ሱሪው ተቆርጦ በልኩ ተሰፍቶ፣ ከሙሽራዪቱ አገጭ ሥር ሆኖ ጥርሱን ሁሉ አውጥቶ ሲስቅ ይታያል። ከታች በቀኝ በኩል ደግሞ አንድ የደበዘዘ ነገር አለ። እንግዳ ሁሉ ፎቶው ተበላሽቷል ብሎ የሚያዝንበት ያ ነገር፣ ሳጥኗን ገፍቶ ሲያስወጣ የተያዘ የይርጋነሽ እግር ነው።